ፈረንሳይኛን በአማርኛ በር፦ ደሴ ላይ የጀማሪ ክፍል እንዴት እንደማስኬድ

ስም አልጠራም። ቁጥር ነው የምጠራው። «ኧን!» (አንድ) ስል ፊት ወንበር ላይ ያለው ልጅ «ፕሬዛን!» (አለሁ) ይላል። «ደ!» (ሁለት) ስል ከመስኮቱ ጥግ «ፕሬዛንት!» የሚል የሴት ድምፅ ይመጣል። ወንዱ «ፕሬዛን» ብሎ ያቆማል። ሴቷ መጨረሻ ላይ «ት» ትጨምራለች። አንድ ቀን አንዱ ጎረምሳ ተሳስቶ «ፕሬዛንት» አለና ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጁ ከዚያ ወዲህ የፈረንሳይኛን ጾታ ረስቶ አያውቅም።

ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ፈረንሳይኛው የክበብ ሥራ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ከትምህርት በኋላ፣ 40 ደቂቃ 40 ደቂቃ። ይህን የምጽፈው ሌላ ቦታ ያለ መምህር፣ ወይም ደፈር ያለ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ «እኛስ ለምን አንጀምርም?» ቢል እንዲሞክረው ነው።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልናገር። በመጀመሪያው ዓመት ፈረንሳይኛን በእንግሊዝኛ አስተማርኩ። ሰሌዳው በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ ፈረንሳይኛ። ልጆቹ ሁለት ቋንቋ ባንዴ ፈሩ። 30 ሆነው የጀመሩት ጥር ላይ 9 ቀሩ። በሁለተኛው ዓመት እንግሊዝኛውን ተውኩትና በአማርኛ በኩል ገባሁ። ያኔ ነው አማርኛ ተናጋሪ ለፈረንሳይኛ ምን ያህል እንደተዘጋጀ የገባኝ። ጾታ አለን። «አንተ» እና «እርስዎ» አለን። ግስ በሰው ማርባት አለን። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ብዙ ነገር አያስፈልግም። ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ ድምፁ ከፍ የሚል አንድ ስልክ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ባለ 50 ሉክ ደብተርና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ ሰማያዊና ቀይ። አንድ ትንሽ መስታወትም አምጡ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ታያላችሁ። ከ25 ልጅ በላይ አትቀበሉ። በ40 ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ አፉን ካልከፈተ ቋንቋ ሳይሆን ስለ ቋንቋ ነው የተማረው።

«ምን ሊሠራላችሁ ነው?» የሚል ወላጅ መምጣቱ አይቀርም። እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ የምናየው ከባድ መኪና በባቲና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ይወርዳል። የጅቡቲ መንግሥት ቋንቋ ደግሞ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ነው። ላሊበላ የሚመጣው ቱሪስት ሁሉ እንግሊዛዊ አይደለም። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ላሊበላ ድረስ መጥተዋል። የአፍሪካ ኅብረትም በፈረንሳይኛ ይሠራል። ይህን ሰምቶ «ይሁና» የማይል ወላጅ አላጋጠመኝም።

አንደኛ፦ የምታውቁትን ልቀሙ

የመጀመሪያው ቀን አዲስ ቃል አታስተምሩ። አሮጌውን ነው የምትለቅሙት። «ፈረንሳይኛ የምታውቁ እጅ አውጡ» በሉ። ማንም አያወጣም። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ ሹፌር፣ ጋራዥ፣ ቢስክሌት፣ ሳሎን፣ ቢሮ፣ ካፌ፣ ሳንቲም፣ ፍራንክ፣ ኤታ ማዦር። ሁሉም የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ፒያሳ ወርዶ ጋራዥ ያልጠራ፣ «ፍራንክ የለኝም» ያላለ ደሴዬ የለም።

የእኔ ተወዳጅ ግን ለገሃር ነው። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ጣቢያው በፈረንሳይኛ «ላ ጋር» ተባለ። «ጋር» ጣቢያ ነው። «ላ» ደግሞ ስሙ የሴት ጾታ መሆኑን የምታሳይ መስተአምር ናት። ሕዝቡ ሁለቱን ሳይለያይ «ለገሃር» ብሎ ዋጠው። አዋቂዎች ይህን እንደ ስህተት ይቆጥሩት ይሆናል። ለእኔ ግን ከሁሉ የተሻለው የማጥኛ ዘዴ ይኸው ነው። ስምን ከነ «ለ» (የወንድ) ወይም ከነ «ላ» (የሴት) ዋጡት። «ጋር» ብላችሁ ለብቻው ካጠናችሁ ጾታውን መፈለጋችሁ ነው። «ላ ጋር» ካላችሁ አብሮ ገባ።

ሁለተኛ፦ አፍን ማሟሸት

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም። አፍም እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ሙሉ ሳምንት ቆዩ። የሚቸኩል መምህር በኋላ ዓመቱን ሙሉ ሲያርም ይኖራል።

ጥሩው ዜና፣ «ዥ» አለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚንገታገትበትን «ቦንዡር» እኛ እንደ ውሃ እንጠጣዋለን። የግዕዝ ድምፃችንም ያግዛል። የፈረንሳይኛዎቹን «ለ»፣ «ደ»፣ «ከ»፣ «ዠ» ልክ በፊደል ገበታው መጀመሪያ ላይ እንዳሉት ብትሉ ፈረንሳዊው ይሰማችኋል። «ሉ» ወይም «ሊ» አትበሉ። «ለ»፣ በቃ።

ከሌሉን ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «ቱ» (አንተ፣ አንቺ) ውስጥ ያለው ድምፅ ነው። «ኡ» መስሏችሁ አትለፉት። እንዲህ አሠሩ። ልጆቹ «ኢ» ይበሉና ድምፁን ይያዙ። ምላሳቸው ከቦታው ሳይነቃነቅ ከንፈራቸውን ትኩስ ቡና እፍ እንደሚል ሰው ያሞጥሙጡ። የሚወጣው እሱ ነው። መጀመሪያ ይስቃሉ። ይሳቁ። ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። በፈረንሳይኛ «ከላይ» እና «ከታች» የሚሉት ሁለት ቃላት በፊደላችን ሲጻፉ ሁለቱም «ደሱ» ናቸው። በጆሮ የሚለዩት በዚህች ከንፈር ብቻ ነው። ሻንጣው ከላይ ይሁን ከታች የሚወስነው ማሞጥሞጣችሁ ነው።

ሁለተኛው «ር» ነው። የእኛ «ር» በምላስ ጫፍ ይንከባለላል፤ የእነሱ ከጉሮሮ ይወጣል። ወሎ ላይ ለዚህ መድኃኒት አለን። ክፍላችሁ ውስጥ ቁርኣን የቀሩ ልጆች አይጠፉም። ገይን የምትባለዋን የዐረብኛ ፊደል ያውቋታል። የፈረንሳይኛው «ር» የገይን ታናሽ ወንድም ነው፤ ቦታው ያው ሆኖ ቀለል ይላል። እኔ ይህን ሳውቅ ከኋላ ወንበር ዝም ብሎ ይቀመጥ የነበረ ልጅ አስነሳሁና «ገይን በል» አልኩት። አለ። «አሁን ለዘብ አድርገህ ‹ፓሪ› በል።» አለ። ከእኔ የተሻለ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የ«ር» አስተማሪ እሱ ነው።

ሦስተኛው በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎች ናቸው። «ቦን» ብላችሁ ስትጨርሱ ምላሳችሁ ጥርሳችሁን ከነካ የአማርኛ «ን» አወጣችሁ ማለት ነው። ምላስ አይነካም። «ቦ» ካላችሁ በኋላ አየሩ በአፍንጫ ይቀጥላል። ያ መስታወት አሁን ይምጣ። ከአፍንጫ ሥር ይያዝና «ቦ» በሉ፤ ንጹሕ ነው። «ቦን» በሉ፤ ጉም ይይዛል። ደሴ ብርድ ናትና በተለይ በጥቅምት ጠዋት መስታወቱ አያሳፍርም። ልጆቹ ተራ ይጋፉበታል።

ሦስተኛ፦ ሰላምታና ክብር

«ቦንዡር» ቀኑን ሙሉ፣ «ቦንስዋር» ሲመሽ፣ «ኦ ርቭዋር» ሲለያዩ። ለጓደኛ «ሳሉ» (ሰላም) እና «ሳ ቫ?» (ደህና ነህ?) ይበቃል። የወሎ ሰላምታ የከብቱንም የአዝመራውንም ደህንነት ጠይቆ ነው የሚጨርሰው፤ የእነሱ አጭር ነው። ግን አጭር ነው ተብሎ አይዘለልም። ሱቅ ገብቶ ሰላም ሳይሉ «ዳቦ ስንት ነው?» ማለት እነሱ ዘንድ ነውር ነው። መጀመሪያ «ቦንዡር ማዳም»፣ ከዚያ ጉዳይ።

«ቱ» አንተና አንቺ ነው። «ቩ» እናንተ ነው፤ እርስዎም ነው። እንግሊዝኛ ይህን ለማስረዳት አንድ ገጽ ይፈጃል። ለእኛ ልጆች አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «የአባትሽ ጓደኛ ፊት ‹ቩ›፣ ጓደኛሽ ፊት ‹ቱ›።» አንድን ሰው ለማክበር በብዙ ቁጥር መናገርም አዲስ አይሆንባቸውም። እኛስ «ጋሼ መጡ» አይደል የምንለው? አያቷን «አንቱ» እያለች ያደገች ልጅ «ቩ» ላይ አትሳሳትም። የሚለየው አንድ ነገር ነው። እዚያ ብዙ ልጆች አያታቸውን «ቱ» ይላሉ። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንዷ «አይቆጡም?» ብላኛለች።

ስም ለመናገር «ዠ ማፔል…»፣ አገር ለመናገር «ዠ ስዊ ኤትዮፒያን»፣ ሴት ከሆነች «ኤትዮፒየን»። ዕድሜ ላይ ተጠንቀቁ። ፈረንሳይኛ «15 ዓመት አለኝ» ነው የሚለው፦ «ዤ ካንዝ አን»። በእንግሊዝኛ የመጣ ልጅ «ነኝ» ብሎ ይጀምርና ይሳሳታል።

አራተኛ፦ የከተማ ስም መጻፍ

ፈረንሳይኛ ጽሑፍ ልጆችን ያስደነግጣል። የተጻፈው ሁሉ አይነበብም። የመጨረሻ ተነባቢ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል፤ ፓሪስ «ፓሪ» ናት። «የማይነበብ ፊደል ለምን ይጻፋል?» ብለው ይቆጣሉ። እኔም «‹ገና› ብለህ ጻፍ» እላለሁ። በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም»? አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል፤ ጽሑፉ ግን ያው ነው። እኛ የሚነበበውን ሳንጽፍ እንቀራለን፤ እነሱ የማይነበበውን ይጽፋሉ። ተመጣጠንን።

ደንቦቹን በዝርዝር አታሸክሟቸው። የገዛ ከተሞቻቸውን በፈረንሳይኛ አስጽፏቸው። ደሴን እንይ። በሁለት አናባቢዎች መሃል ያለ አንድ «ኤስ» እንደ «ዝ» ይነበባል። ስለዚህ አንድ ብቻ ከጻፋችሁ ከተማችን «ደዜ» ትሆናለች። ሁለት «ኤስ» አድርጉ። መጨረሻ ላይ ያለችው አናባቢ ላይ ወደ ቀኝ ያዘነበለች ጭረት ካልተደረገ ደግሞ አትነበብም፤ «ዴስ» ብላ ትቀራለች። በአንድ የከተማ ስም ሁለት ደንብ ተማሩ።

ኮምቦልቻ ሌላ ጣጣ አላት። እንግሊዝኛ «ች» የሚልበትን የፊደል ጥምረት ፈረንሳይኛ «ሽ» ይለዋል። «ኮምቦልሻ» እንዳትሆን ከፊቱ «ቲ» ይጨመራል። ቻድ በፈረንሳይኛ በ«ቲ» የምትጀምረው ለዚህ ነው። ጅቡቲም እንዲሁ። የ«ጄ» ፊደል ብቻውን «ዥ» ስለሆነ ከፊቱ «ዲ» ቆመላት። ጀማል የሚባል ተማሪ ካላችሁ ስሙን ሲጽፍ ያንኑ «ዲ» ያገኛታል። ሐይቅ ትልቋ ፈተና ናት። «ኤች» በፈረንሳይኛ አይነበብም። «ኤ» እና «አይ» የሚባሉት ፊደላት ጎን ለጎን ከሆኑ እንደ «ኤ» ይነበባሉ። በ«አይ» ራስ ላይ ሁለት ነጥብ ካላደረጋችሁ ያ ሁሉ ውሃ «ኤክ» ሆኖ ያርፋል።

ጭረቶቹን እንደ ጌጥ የሚያይ ልጅ ብዙ ነው። «በ» ላይ ትንሽ ቅጥል ብትጨምር «ቡ» ትሆናለች አይደል? እነዚህም እንዲያ ናቸው በሏቸው።

በነገራችን ላይ ፊደላቱን ሲቆጥሩ አንድ ወጥመድ አለ። በእንግሊዝኛ «ጂ» የምንላት ፊደል በፈረንሳይኛ «ዤ» ናት። «ጄ» የምንላት ደግሞ «ዢ»። ተገለባብጠዋል። የራሴን ስም በስልክ ፊደል በፊደል ስነግር የተሳሳትኩበት ቀን አለ፤ አልናገረውም።

አምስተኛ፦ «ለ» እና «ላ» በቀለም

ሰማያዊና ቀዩ እስክሪብቶ እዚህ ይሠራሉ። የወንድ ጾታ ስም በሰማያዊ፣ የሴት በቀይ። «ለ ሊቭር» (መጽሐፍ) ሰማያዊ፣ «ላ ታብል» (ጠረጴዛ) ቀይ። ክፍል ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ በሁለት ቀለም ወረቀት ይለጠፍበት። ሰሌዳው «ለ ታብሎ»፣ ወንበሩ «ላ ሼዝ»፣ በሩ «ላ ፖርት»፣ መስኮቱ «ላ ፍኔትር»።

ጾታ መኖሩ አይገርማቸውም። የሚያስቸግራቸው መጽናቱ ነው። እኛ ስንወድ ወይም ትንሽ ሲሆን ሴት እናደርጋለን፤ «ቤቷ እንዴት ታምራለች!» እንላለን፣ በማግስቱ ደግሞ «ቤቱ ፈረሰ»። ፈረንሳይኛ እንዲህ ያለ ጨዋታ አያውቅም። ቤት ሁልጊዜ ሴት ናት። ፀሐይ ደግሞ ለእኛ ትወጣለች፤ ለእነሱ ይወጣል።

አንድ አስተማማኝ ፍንጭ ልስጣችሁ። በ«ሲዮን» የሚያልቁ ቃላት የሴት ናቸው። ፌዴራሲዮን፣ ኦፔራሲዮን፣ ስታሲዮን፣ ሁሉም «ላ»። አዲስ አበባ ያለው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈርም ከዚሁ ዘር ነው።

«የእሱ» እና «የእሷ» ላይ ግን አማርኛችን ይከዳናል። እኛ «መጽሐፏ» ስንል ባለቤቷን እናያለን። ፈረንሳይኛ ዕቃውን ያያል። መጽሐፍ ወንድ ስለሆነ የእሱም ቢሆን የእሷም ቢሆን «ሶን ሊቭር» ነው። ደጋግሙት እንጂ አታብራሩት፤ ባብራራሁት ቁጥር ተበላሽቶብኛል።

ስድስተኛ፦ ግስ በጆሮ

የግስ ሰንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ሞልቶ ማስገልበጥ ቀላል ነው። እኔም ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በዚያ ነው የተማርኩት፤ ስድስት መደብ በቃሌ አውቅ ነበር፣ ዳቦ መግዛት ግን አልችልም ነበር። ሰንጠረዡን አቆዩትና በጆሮ ጀምሩ።

«ፓርሌ» (መናገር) የሚለውን ግስ ውሰዱ። «ዠ ፓርል»፣ «ቱ ፓርል»፣ «ኢል ፓርል»፣ «ኤል ፓርል»። እነሱ ብዙ ሆነውም «ኢል ፓርል»። ጽሑፉ ይለያያል፤ ድምፁ አንድ ነው። «ቩ» ሲሆን «ፓርሌ»፣ «ኑ» (እኛ) ሲሆን «ፓርሎን»። አልቋል። ፈረንሳዮች ሲያወሩ ደግሞ «ኑ»ን ትተው «ኦን» ይላሉ፤ እሱም «ኦን ፓርል» ነው። ስለዚህ ጀማሪ ሁለት ድምፅ ይዞ መንገድ ይወጣል። የእኛ «እናገራለሁ፣ ትናገራለህ፣ ትናገሪያለሽ…» ስምንት ቅርጽ አለው። ይህን ሲቆጥሩ ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይሄማ ቀላል ነው» ይላሉ።

ተውላጠ ስሙ ግን አይጣልም። እኛ «እኔ»ን ትተን «እናገራለሁ» እንላለን፣ ግሱ ራሱ ይናገራልና። ፈረንሳይኛው ግስ ሁሉም አንድ ስለሚመስል «ዠ» ካላላችሁ ማን እንደተናገረ አይታወቅም። የእኛ ልጆች ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እርሙ፣ ደግማችሁ እርሙ።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ። ማፍረሻ። ሰሌዳው ላይ «አልናገርም» ብላችሁ ጻፉ። «አል» ላይ ክበብ፣ መጨረሻዋ «ም» ላይ ክበብ። አማርኛ ግሱን ከፊትም ከኋላም ይዞ ነው የሚያፈርሰው። ከሥሩ «ዠ ነ ፓርል ፓ» ብላችሁ ጻፉ። «ነ» ላይ ክበብ፣ «ፓ» ላይ ክበብ። ከፊትና ከኋላ! እንግሊዝኛ እንዲህ አያደርግም። ዝም ብላችሁ ቁሙና ጠብቁ። ከመሃል አንዱ «እንዴ! እንደኛ ነው እኮ!» ይላል። ያን ቀን በቃላቸው ካስጠናኋቸው ዓረፍተ ነገሮች በላይ ይህች ክበብ ሠርታለች። «ዠ ነ ሴ ፓ» አላውቅም ነው፤ «ዠ ነ ኮምፕራን ፓ» አልገባኝም ነው። እነዚህን ሁለቱን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በነፃ እንዲጠቀሙ ፍቀዱላቸው፤ አለዚያ ዝም ይላሉ።

በቃላት ቅደም ተከተል ግን አማርኛ አይረዳም። እኛ ግስ መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን፣ እነሱ መሃል። እዚህ ላይ እንግሊዝኛው ይሻላል፤ ሳታፍሩ ተጠቀሙበት። ቀለም ደግሞ ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ «ቀይ መኪና» ሳይሆን «መኪና ቀይ»።

ሰባተኛ፦ የባቲ ገበያ በክፍል ውስጥ

ቁጥር እስከ 60 ድረስ ምንም አይልም፤ ስም ጥሪው ላይ ይለመዳል። ጉዱ 70 ላይ ይጀምራል። 70 ማለት «ስዋሳንት ዲስ» ነው፤ ስልሳ ከአሥር። 80 «ካትር ቫን»፤ አራት ሃያ። 90 «ካትር ቫን ዲስ»፤ አራት ሃያ ከአሥር። 97 ለማለት አራት ሃያ ከአሥራ ሰባት ትላላችሁ። የመጀመሪያ ቀን ስነግራቸው አንዱ «መምህር፣ ይሄ ቋንቋ ነው ሒሳብ?» አለኝ።

ገበያ ክፈቱ። ግማሹ ሻጭ፣ ግማሹ ገዢ። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው እንበል፤ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ፍየል። የብር ወረቀት ከደብተር ይቀደዳል። ዋጋው ሁሉ ከ70 እስከ 99 መሆን አለበት። «ሴ ኮምቢያን?» (ስንት ነው?) «ካትር ቫን ዲ ሴት!» «ሴ ትሮ ሼር!» (ተወደደ!) የወሎ ልጅ ክርክር አይማርም፤ ይዞት ነው የሚመጣው። አንድ ጊዜ ሁለት ልጆች በ75 እና በ95 መካከል ሳይግባቡ ፍየል ተሽጦ ደላላው ተጨቃጨቀ። 20 ደቂቃ ፈጀ። አላቋረጥኳቸውም።

ሰዓት አጭር ነው፤ በእኛ ላይ ስድስት ጨምሩ። የጠዋት 2 ሰዓት «ዊት ኧር» ነው። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት፣ በጉዞ ወረቀታቸው ላይ 14 ብለው ይጽፉታል።

ስምንተኛ፦ የማይሳቅበት ክፍል

በስህተት መሳቅ ይፈቀዳል፤ በሰው መሳቅ ግን አይፈቀድም። ልዩነቱን የሚያሳየው መምህሩ ነው፣ የራሱን ስህተት አውጥቶ። የእኔን ልንገራችሁ። ጅቡቲ አንድ ቤት ምሳ ጋበዙኝ። እንደ ወሎ እናት «ጨምር፣ ጨምር» አሉኝ። «ጠገብኩ» ልል ፈልጌ በቀጥታ «ሞላሁ» የሚለውን ገልብጬ «ዠ ስዊ ፕላን» አልኩ። ቤቱ ፈነዳ። ለካ በመንገድ ቋንቋ ሰክሬያለሁ ማለት ነው። ለሴት ከብት ሲሆን ደግሞ አርግዛለች። ትክክለኛው «ዤ ቢያን ማንዤ» ነው፤ ጥሩ በልቻለሁ። ይህን ታሪክ በየዓመቱ በሦስተኛው ሳምንት እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ እጅ የሚያወጣው ይበዛል።

ትምህርቱ ለምን ያህል ልጅ እንደገባ ማወቅ ከፈለጋችሁ ዴልፍ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ፈተና አሠራር ተዋሱ። የመጀመሪያው ደረጃ ኤ 1 ይባላል። መስማት፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር፤ እያንዳንዱ ከ25፣ ድምሩ ከ100። ማለፊያው 50 ነው፣ ግን በአንዱ ክፍል ከ5 በታች ያመጣ ይወድቃል። ይህች የመጨረሻዋ ደንብ ጥሩ ናት፤ ጽሑፍ ብቻ እያጠና አፉን የሚዘጋውን ጎበዝ ትነካዋለች። ሰርተፊኬቱን የምር የፈለገ ልጅ አዲስ አበባ ያለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ አለለት፤ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያስተማረ ያለ ቤት ነው። ኢንተርኔት ሲገኝ ቴቬ ሳንክ ሞንድ የሚባለው የፈረንሳይኛ ቴሌቪዥን ለጀማሪ በነፃ የሚሰጠውን ትምህርት ስልክ ላይ ክፈቱ። የአር ኤፍ ኢ ራዲዮ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበው ዜና ግን ለሁለተኛው ዓመት ይቆይ፤ አሁን ተስፋ ያስቆርጣል።

የቤት ሥራ፦ ከቡናው ጋር

ቤት ሄዶ ለብቻ የሚያጠና ልጅ ትንሽ ነው። ቡና ግን በየቤቱ ይፈላል። ስለዚህ የቤት ሥራዬ ሦስት ዙር አለው። አቦል ላይ ለቤተሰቡ በፈረንሳይኛ ሰላምታ መስጠትና ስምን መናገር። ቶና ላይ በዓይን የሚታዩ አምስት ዕቃዎችን ከነ «ለ» እና «ላ» መጥራት፤ ስኒ «ላ ታስ»፣ ቡና «ለ ካፌ»፣ ስኳር «ለ ሱክር» እያሉ። በረካ ላይ ሦስት የማፍረሻ ዓረፍተ ነገር፤ «ስኳር አልፈልግም» ብሎ መጀመር ይቻላል። ምስክር ያስፈልጋል። ከቤተሰብ አንድ ሰው ደብተሩ ላይ ይፈርማል፤ ፊርማ የማይችል ጣቱን ያሳርፋል።

ባለፈው ወር አንዷ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን አመጣችልኝ። አቦሉ ላይ አያቷ ፊት ቆማ ጥርት አድርጋ «ቦንዡር!» ብላ ነበር። አያቷ ረከቦቱን እያስተካከሉ «ቡን ዡር ነው ያልሽው? ቡኑማ ገና አልፈላም፣ ተቀመጪ» አሏት። ቶናው ላይ ሲገባቸው ግን ደብተሩን ተቀብለው አውራ ጣታቸውን አሳርፈውበታል። የጣቱ አሻራ ላይ ትንሽ የቡና ቅሪት አለ። ሦስት ከሦስት ሰጠኋት።